ሦስት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ውስጥ ለምን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የኤድስ መድኃኒት ፈቀደ። ስሙ ዚዶቩዲን፣ በአጭሩ ኤዜድቲ ነው። ጄሮም ሆርዊትዝ የተባሉ ተመራማሪ በ1964 ለካንሰር ብለው ሠርተውት፣ ለታሰበለት ሳይሆን ሲቀር የተተወ ውህድ ነበር። በኤችአይቪ ላይ ሲሞከር ግን ዕድሜ ሲያራዝም ታየ። አልጋ ይዘው የነበሩ ሰዎች ተነሡ፤ የወረደ ኪሎ ተመለሰ። ደስታው ግን አልቆየም። በብዙዎቹ ላይ በሽታው፣ መድኃኒቱን እየዋጡ ሳለ፣ ተመልሶ መጣ።

በ1989 ብሬንደን ላርደርና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን አሳዩ። ኤዜድቲን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከወሰዱ ታካሚዎች ደም የተገኘውን ቫይረስ በቤተ ሙከራ ሲፈትኑት፣ አንዳንዱን ለመግታት ከቀድሞው መቶ እጥፍ የሚደርስ መድኃኒት አስፈለገ። መድኃኒቱ አልደከመም፤ የታካሚዎቹም ሰውነት አልለመደውም። የተለወጠው ቫይረሱ ነው።

ዝግመተ ለውጥ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ድንቅነሽን ነው፤ ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረችውን። ያው ሕግ ግን በአንድ ሰው ደም ውስጥ በሳምንታት ሲሠራ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል። በጤና ጣቢያዎቻችን ታካሚው በየቀጠሮው "እንዳታቋርጥ፣ ሰዓት እንዳታሳልፍ" ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን አብሮ ካልተነገረው ምክሩ እንደ ቁጣ ይሰማዋል። ዕድሜውን ሙሉ ኪኒን እንዲውጥ የሚጠየቅ ሰው፣ አንድ ሳምንት ሲያቋርጥ ደሙ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመገልበጥ ነው። አንድ ጸሐፊ ብራና ዘርግቶ ዳዊት ሲገለብጥ እጁ ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አራሚ ከዋናው ጋር እያስተያየ የሳተውን ያቃናል። የሰው ህዋስም ዘረመሉን ሲገለብጥ እንዲህ ያለ አራሚ አለው፤ በዚህም የተነሣ ከቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ቢስት ነው። ኤችአይቪ አራሚ የለውም። ዘረመሉ አርኤንኤ ነው፤ ወደ ሰው ህዋስ ሲገባ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር ይህን ኢንዛይም በ1970፣ ኤድስ ገና ሳይታወቅ፣ በሌሎች ቫይረሶች ውስጥ አግኝተውት የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ኢንዛይሙ ከ30 ሺህ ፊደል አንድ ያህል ይስታል። የኤችአይቪ ዘረመል በጠቅላላው 9,700 ፊደል ገደማ ስለሆነ፣ ከሦስት ግልባጮች አንዱ ቢያንስ አንድ ስህተት ይኖረዋል ማለት ነው።

አብዛኛው ስህተት ቫይረሱን ይጎዳዋል። የተበላሸው ግልባጭ ህዋስ ውስጥ መግባት ወይም መራባት ያቅተውና እዚያው ይቀራል። ሌላው ስህተት አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ጥቂቱ ግን የመድኃኒቱ ሞለኪውል የሚጣበቅበትን ቦታ ቅርጽ በትንሹ ይለውጠዋል። መድኃኒት በሌለበት ሰውነት ውስጥ ይህ ለውጥ ለቫይረሱ ምንም አይረባውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያዘገየዋል።

እንዲህ ያለ ዕድለኛ ስህተት ምን ያህል ጊዜ ይገኛል? መልሱ የሚወሰነው በቀን ስንት ግልባጭ እንደሚሠራ ነው፤ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነበር። በኤችአይቪ የተያዘ ሰው ሳይታመም ስምንትና ዐሥር ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ በእነዚያ ዓመታት ቫይረሱ ያንቀላፋ ይመስላቸው ነበር። በጥር 1995 በኒው ዮርክ የእነ ዴቪድ ሆ፣ በአላባማ ደግሞ የእነ ጆርጅ ሾው ቡድን በአንድ መጽሔት በአንድ ዕትም ያወጡት ጥናት ይህን እምነት አፈረሰው። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ለታካሚዎች ጠንካራ አዲስ መድኃኒት ሰጡ፤ ከዚያ የቫይረሱ መጠን በደማቸው ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ በየጊዜው ለኩ። መጠኑ በቀናት ውስጥ ቁልቁል ወረደ። እንዲህ በፍጥነት ከወረደ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ባለበት ረግቶ ይታይ የነበረው በየቀኑ የሚሞተውን ያህል በየቀኑ እየተወለደ ስለሆነ ነው።

የሒሳብ ሊቁ አለን ፔሬልሰን ከእነ ሆ ጋር ሆነው በ1996 ስሌቱን አጠሩት። ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ በቀን 10 ቢሊዮን የሚደርስ ቫይረስ ይመረታል። የተያዘ ህዋስ ሁለት ቀን ያህል ይኖራል። ከአንዱ የቫይረስ ትውልድ እስከ ቀጣዩ 2.6 ቀን ብቻ ነው፤ በዓመት 140 ትውልድ ማለት ነው። በሰው ልጅ አቆጣጠር 140 ትውልድ ወደ ኋላ ብንቆጥር አክሱም ሳይመሠረት በፊት እንደርሳለን። ያ ጸጥ ያለ የሚመስለው ዘመን፣ ሰውነት ያለ ዕረፍት ሲዋጋ የሚኖርበት ዘመን ነበር።

ሁለቱን ቁጥሮች ስናገናኛቸው የ1987ቱ መድኃኒት ለምን እንደከሸፈ ግልጽ ይሆናል። ከ9,700ዎቹ ፊደላት የትኛውም አንዱ ቢለወጥ፣ ያ ለውጥ ሕክምና ባልጀመረ ሰው ደም ውስጥ በየቀኑ ደጋግሞ ይከሰታል። ስለዚህ በአንድ ፊደል ለውጥ የሚመለጥ መድኃኒት ስናዝዝ፣ የሚያመልጠው ቫይረስ የመጀመሪያው ኪኒን ሳይዋጥ በፊት እዚያ ነበረ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ "ቫይረሱ መድኃኒቱን አወቀው" ሲሉ እሰማለሁ። ቫይረስ አያውቅም፣ አይማርም፤ አንዱም ቫይረስ በሕይወቱ ሳለ አይለወጥም። የሚለወጠው የብዛታቸው ድርሻ ነው። ላሚቩዲን የሚባለውን፣ ዛሬም በአገራችን በስፋት የሚሰጠውን መድኃኒት እንውሰድ። በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ውስጥ 184ኛው ቦታ ላይ ሜቲዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። አንድ ፊደል ሲሳት ቦታውን ቫሊን ይይዘዋል፤ ላሚቩዲንም ያንን ቫይረስ መግታት ይሳነዋል። ከመድኃኒቱ በፊት ይህ ቫይረስ ከሺዎች መካከል አንድ ቢሆን፣ ላሚቩዲን ብቻውን ሲሰጥ ሌሎቹ ሁሉ ይታገዱና ህዋሳቱ ለእርሱ ብቻ ይቀሩለታል። በሳምንታት ውስጥ ደሙን ይሞላዋል። መድኃኒቱ ለውጡን አልፈጠረውም፤ ተቀናቃኞቹን አስወገደለት።

ታዲያ ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ ምን ይለወጣል? ግምታዊ ስሌት እንሥራ። አንድ የተወሰነ ፊደል ወደ አንድ የተወሰነ ሌላ ፊደል የመለወጥ ዕድሉ በአንድ ግልባጭ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ነው። ከሁለት መድኃኒቶች ለማምለጥ ሁለቱ ለውጦች በአንድ ግልባጭ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ዕድሉ ከ10 ቢሊዮን አንድ ይሆናል፤ በቀን 10 ቢሊዮን ለሚያመርት ሰውነት ይህ ገና በቂ ጥበቃ አይደለም። ሦስተኛው ሲጨመር ዕድሉ ከአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን አንድ ይሆናል። ምርቱ ምንም ሳይቀንስ በቀን 10 ቢሊዮን ቢቀጥል እንኳ ያ ቫይረስ እስኪገኝ 270 ዓመት ገደማ ይፈጃል። መድኃኒቶቹ ምርቱን ራሱን ስለሚያቆሙት፣ በተግባር መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

በ1996 ክረምት ቫንኩቨር ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የሦስትዮሽ ሕክምና ውጤት ይፋ ሆነ። በአሜሪካ በኤችአይቪ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ1996 ወደ 1997 በአንድ ዓመት በግማሽ ገደማ ወረደ። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ በፊት የነበሩት ታካሚዎች ዕጣ ነው። እነርሱ ኤዜድቲ ተሰጣቸው፤ ሲከሽፍ ሌላ ተሰጣቸው፤ ያም ሲከሽፍ ሌላ። ሐኪሞቹ በእጃቸው ያለውን ሰጡ፤ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። ለቫይረሱ ግን በየጊዜው አንድ እርምጃ ብቻ መራመድ ይበቃው ነበር። መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ አንድ በአንድ አለፋቸው፤ ሦስቱ አብረው በመጡ ጊዜም የብዙዎቹ ቫይረስ አስቀድሞ ከመካከላቸው አንዳንዱን የሚቋቋም ሆኖ ጠበቃቸው።

አሁን ወደ ማቋረጥ እንምጣ። መድኃኒቱን ጭራሽ በማይወስድ ሰው ውስጥ ቫይረሱ እንደ ልቡ ይራባል፤ ሰውየው ይታመማል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚቋቋመው ዓይነት የተለየ ጥቅም ስለሌለው አይበዛም። በትክክል በሚወስድ ሰው ውስጥ ደግሞ መራባት ስለቆመ አዲስ ስህተት የሚፈጠርበት ግልባጭ የለም። አደጋው መካከል ላይ ነው፤ ቫይረሱ ለመራባት የሚበቃ ክፍተት ሲያገኝ፣ መድኃኒቱም ለመምረጥ የሚበቃ ያህል በደም ውስጥ ሲኖር። አንድ ሳምንት ወስዶ አንድ ሳምንት የሚተው ሰው ይህን ሁኔታ ሳያውቅ ይፈጥረዋል።

ከዚህ የባሰው መድኃኒቶቹ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት አለመመሳሰሉ ነው። ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ በአገራችን ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው መስመር ሕክምና አካል ነበሩ። ሁለቱም ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያሉ። አብረዋቸው የሚሰጡት ቀድመው ይወጣሉ። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ለተወሰነ ጊዜ አንድ መድኃኒት ብቻ እንደሚወስድ ሰው ይሆናል፤ ወደ 1987 ተመለሰ ማለት ነው። ኔቪራፒንን ለማምለጥ ደግሞ አንድ ፊደል ይበቃል።

ይህ በእናቶች ላይ ታይቷል። በዩጋንዳ የተደረገና በ1999 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በምጥ ወቅት ለእናት አንድ የኔቪራፒን ኪኒን፣ ለተወለደው ልጅም ጥቂት ሽሮፕ ሲሰጥ የኤችአይቪ መተላለፍ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ርካሽና ቀላል ስለነበረ በመላው አፍሪካ ተስፋፋ፤ በኢትዮጵያም ተሰጥቷል፤ ብዙ ሕፃናትን አድኗል። ነገር ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ የእነዚያው እናቶች ደም ሲመረመር ከአራት ወይም ከአምስት በአንዷ ዘንድ ኔቪራፒንን የሚቋቋም ቫይረስ ተገኘ። አንዲት ኪኒን ብቻ! ከጊዜ በኋላ ያ ቫይረስ ከደም ቢጠፋም አሻራው ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆዩ ኔቪራፒን ያለበት ሕክምና የጀመሩ እናቶች ከሌሎቹ ይልቅ ሕክምናው ሲከሽፍባቸው ታየ። ኢትዮጵያ ከ2013 ጀምሮ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው የሦስትዮሽ መድኃኒት ጀምራ በዚያው እንድትቀጥል ማድረጓ ያለው አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ልጁ ይጠበቃል፣ እናትየዋም ለቫይረሱ ክፍተት አትተውም።

በአገራችን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። የዚያን ጊዜው ጥምረት ሦስት መድኃኒት ነበረው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ግን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል የሚወድቁ ናቸው። ስለዚህ ማቋረጥን የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነበር። በእነዚያ ዓመታት እንጦጦ ማርያም ለጸበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን፣ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው ኪኒናቸውን ይተዉ ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዱን ሰው ከማዳኑ በላይም፣ መድኃኒት የሚቋቋመው ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ሳያግዝ አልቀረም። የሚቋቋም ቫይረስ ይተላለፋልና፤ ኪኒን በአፉ ያልገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድኃኒቱ የማይሠራለት ሊሆን ይችላል።

ማቋረጥ ሁሌ የታካሚው ምርጫ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። በሰሜኑ ጦርነት ጤና ተቋማት ሲወድሙና መንገድ ሲዘጋ ኪኒናቸው ያለቀባቸው ሰዎች ምንም አላጠፉም። ዘመድ እንዳያይባት ኪኒኗን ደብቃ የምትውል የቤት ሠራተኛም አላጠፋችም። የቫይረሱ ሕግ ግን ምክንያት አይጠይቅም፤ ስለዚህ የመድኃኒት አቅርቦት መቆራረጥን እንደ መጋዘን ጉዳይ ብቻ ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ዛሬ የሚሰጠው ጥምረት ይሻላል። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ኪኒን ተጠቃልለው በቀን አንዴ ይዋጣሉ። ዶሉቴግራቪር የሚያግደው ቫይረሱ ዘረመሉን በእኛ ዲኤንኤ ውስጥ የሚያስገባበትን ኢንዛይም ነው። እርሱን ማምለጥ ለቫይረሱ ከባድ ነው፤ የሚረዱት ለውጦች ብዙ ጊዜ ራሱን ያደክሙታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ተመራጭ አድርጎታል። ቢሆንም ድርጅቱ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ዶሉቴግራቪርን የሚቋቋም ቫይረስ በሙከራ ጊዜ ከታየው በላይ እየታየ መሆኑን አስጠንቅቋል፤ በተለይም የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሎ ሳለ ከቀድሞ መድኃኒት በተዛወሩ ሰዎች ላይ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የ184ኛው ቦታ ለውጥ ከላሚቩዲን ያስመልጣል፤ በዚያው ልክ ግን ቫይረሱን ዘገምተኛ ያደርገዋል፣ ለኤዜድቲና ለቴኖፎቪርም ይበልጥ ተጋላጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ላሚቩዲን "እንደማይሠራ" እያወቁ ብዙ ጊዜ አይተዉትም። ቫይረሱ ያንን ለውጥ ይዞ እንዲኖር ያስገድዱታል፤ መድኃኒቱ ቢቆም ፈጣኑ ዓይነት ተመልሶ ይመጣልና። የመጀመሪያው ሲከሽፍ በሚሰጠው የሁለተኛው መስመር ኪኒን ላይ የድሮውን ስም አይቶ "ለምን የከሸፈውን ይሰጡኛል?" ብሎ ለሚጨነቅ ሰው መልሱ ይህ ነው።

"ቫይረሱ አይታይም ከተባልኩ ለምን እቀጥላለሁ?" የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። ኤችአይቪ ዘረመሉን በአንዳንድ ረጅም ዕድሜ ባላቸው የመከላከያ ህዋሳት ዲኤንኤ ውስጥ አስገብቶ ዝም ይላል። ይህ ክምችት በ1990ዎቹ አጋማሽ ተረጋግጧል። መድኃኒት የሚሠራው በሚራባው ላይ ስለሆነ የተደበቀውን አይነካውም፤ ኪኒኑ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ቀደም ሲል የተፈጠሩ የሚቋቋሙ ዓይነቶችም በዚሁ ክምችት ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ። ሄፓታይተስ ሲን ብናይ ልዩነቱ ይገባናል። እርሱም እንደ ኤችአይቪ በፍጥነት ይስታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ ከ2013 ወዲህ በመጡት ጥምር መድኃኒቶች አብዛኛው ሰው በሦስት ወር ገደማ ጨርሶ ይድናል።

ፍጥነት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። የኩፍኝ ቫይረስም ሲገለብጥ ብዙ ይስታል፤ በ1954 ከአንድ ታማሚ ልጅ ከተወሰደ ቫይረስ የተሠራው ክትባት ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የኩፍኝ ቫይረስ የገጽታ ፕሮቲኖቹን ቢለውጥ ወደ ህዋስ መግባት ስለሚያቅተው ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን ገጽታውን መለወጥ ይችላል፤ ክትባቱ በየዓመቱ የሚከለሰው ለዚህ ነው፤ አማንታዲን የሚባለው መድኃኒቱም በቫይረሱ መለወጥ ምክንያት ከጥቅም ውጪ ሆኗል። ኮሮና ቫይረስ ከአብዛኞቹ የአርኤንኤ ቫይረሶች ይለያል፤ 30 ሺህ ፊደል ስላለው የራሱ አራሚ ኢንዛይም አለው፤ ለዚያም ነው ከኤችአይቪ በዝግታ የሚለወጠው። በርካታ አዳዲስ ዓይነቶችን ያየነው በአንድ ጊዜ የያዘው ሰው ብዛት እጅግ ብዙ ስለነበረ ነው።

ወደ ኤችአይቪ ታካሚው እንመለስ። የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 ግልባጭ በላይ ቢመጣ፣ የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒት መቀየር አይደለም። ታካሚው ኪኒኑን እንዴት እንደሚወስድ በምክር ይታያል፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል። ከወረደ፣ ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነበር፤ መድኃኒቱ አሁንም ይሠራል። ይህን ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች ታካሚው ሳይፈራ ያሳለፈውን ቀን እንዲነግራቸው ማድረግ አለባቸው። ለመወቀስ ሲፈራ የደበቀው ሰው፣ ሳያስፈልገው ወደ ሌላ መስመር ሊዛወር ይችላል፤ መስመሮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው።

አሁን ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ መጥቷል። በ2022 ለሕክምና፣ በ2025 ደግሞ ለመከላከያ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይወጋል። በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ወጣት ሴቶች አንዷም በኤችአይቪ አልተያዘችም። የዕለት ኪኒን መርሳትንና መደበቅን ያስቀራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መርፌውን ያቆመች ሴት ውስጥ መድኃኒቱ እየሳሳ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ በዚያ መካከል ከተያዘች፣ ወይም ሳታውቅ ተይዛ ሳለ ከተወጋች፣ ቫይረሱ የሚገጥመው አንድ መድኃኒት ብቻ ይሆናል። ስለዚህም ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ይደረጋል፤ የምታቆም ሴትም ለኤችአይቪ መጋለጧ ካልቀረ ወዲያው በሌላ መከላከያ እንድትተካው ትመከራለች።